የሃሚንግበርድ መመገቢያ በመስከረም ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን ቀይ ክዳን ያለው የመስታወት የወፍ መመገቢያ ሰጠችኝ፤ በረንዳው ላይ ሰቅዬ እነዚህን ትንንሽ ወፎች ሳይ እውላለሁ። አሁን ጎረቤቴ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ካላወረድሽው ወፎቹ መሄዳቸውን ትተው በብርድ ያልቃሉ አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞም ከሱቅ የሚገዛው ቀይ ፈሳሽ ደስ አላለኝም፤ በንጹሕ ማር ልተካው አስቤያለሁ። አንደኛው ወፍ ሌሎቹን እያባረረ አላስጠጋ ስላለም መላ ይንገሩኝ። በመጨረሻ፣ ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን እሬት አበባ ላይ የማያቸው የሚያብረቀርቁ ወፎች እነዚሁ ናቸው?»

መልስ፦

እናታችን፣ መመገቢያውን አያውርዱት። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ስለሆነ አስቀደምኩት። ጎረቤትዎ የነገረችዎት በመላው አሜሪካ ሲነገር የኖረ ነገር ነው፤ ለወፎቹ ከማሰብ የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ሃሚንግበርድ የምትባለውን ይህችን ትንሽ ወለላ ቀሳሚ ወፍ ከቨርጂኒያ የሚያስነሳት የቀኑ ርዝመት ነው። ከጁን መጨረሻ በኋላ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የወፏ ሰውነት ልዩነቱን ያውቀዋል። ሆርሞኗ ይለወጣል፣ ያለ ልክ መብላት ትጀምራለች፣ ስብ ታከማቻለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ትነሳለች። በረንዳ ላይ የተሰቀለ ስኳር ይህን ሊያስቀረው አይችልም። ማስረጃውን በገዛ ግቢዎ ያገኙታል። ወንዶቹ መሄድ የሚጀምሩት በኦገስት ነው፤ ያን ጊዜ አበባውም፣ ነፍሳቱም፣ መመገቢያውም ሙሉ ነው። ጥጋብ የሚያስቀራቸው ቢሆን ኖሮ በኦገስት አንዲት ወፍ እንኳ ከቦታዋ ባልተነሳች ነበር።

ወደ እርስዎ የምትመጣው ዝርያ ሩቢ ትሮትድ ትባላለች፤ በምሥራቃዊው የሰሜን አሜሪካ ክፍል ጎጆ ሠርታ የምትራባው ሃሚንግበርድ እርሷ ብቻ ናት። ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ 4 ግራም ይመዝናል። ይህች ፍጥረት ክረምቱን የምታሳልፈው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው አገር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ወደዚያ ሲሄዱ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሌሊቱን ጭምር ሳያርፉ ያቋርጡታል። ለዚያ ጉዞ ከመነሳታቸው በፊት ክብደታቸውን ወደ እጥፍ ያደርሳሉ። ለጥናት ቀለበት ልናስርላት በሴፕቴምበር የያዝናትን ወፍ የሆዷን ላባ በቀስታ እፍ ብለን ገለጥ ስናደርገው፣ ቆዳዋ እጅግ ስስ ስለሆነ ከሥሩ የተከማቸው ስብ ቢጫ ሆኖ ይታያል። መንገዱን በሙሉ የሚያስኬዳት እርሱ ነው። ከዚህ ስብ ውስጥ የተወሰነው ከእርስዎ በረንዳ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልዎት። በእንቁጣጣሽ ሰሞን መመገቢያዎ ላይ የሚያዩአቸው ወፎች በአብዛኛው በጋውን ሙሉ የለመዷቸው አይደሉም። ከፔንሲልቬንያ፣ ከኒው ዮርክ፣ አልፎም ከካናዳ የተነሱ መንገደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ጫጩቶች ናቸው። አባታቸው ቀድሞ ሄዷል፣ እናታቸውም ብዙውን ጊዜ ቀድማቸው ትሄዳለች፤ እነርሱ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁትን መንገድ መሪ ሳይኖራቸው ለየብቻቸው ይሄዱታል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ መመገቢያውን ማውረድ ማለት እንግዳ በሚበዛበት ሰዓት ማዕድ ማንሳት ነው። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ይተዉት፤ ወይም የመጨረሻዋን ወፍ ካዩ በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ።

ወደ ማሩ ልምጣ። ለወፎቹ ከሁሉ የተሻለውን ልስጣቸው ማለትዎ ይገባኛል፤ በእኛ ቤት ማርን የሚበልጥ ምን አለ? ነገር ግን ማር በውኃ ሲበጠበጥ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ብርዝ ነው የሚሆነው፤ ከዚያም ሲውል ሲያድር ወደ ጠጅ ይሄዳል። ማር ውስጥ በተፈጥሮው እርሾ አለ። ማሩ ወፍራም ሆኖ ሳለ ውኃ ስለሚያጣ አይንቀሳቀስም፤ ሲቀጥን ይነቃል። በቨርጂኒያ የጁላይ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን ይበቃዋል። የፈላና የሻገተ ፈሳሽ ለ3 ግራም ወፍ አደጋ ነው።

ተራው ነጭ ስኳር የማር ደካማ ምትክ እንዳይመስልዎት። ሃሚንግበርዶች የሚወዷቸው አበቦች ወለላ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሱክሮስ የተባለው ስኳር ነው፤ ነጭ ስኳርም ሱክሮስ ነው። ንቦች ከአበባ የቀሰሙትን ሱክሮስ ማር ሲያደርጉት ወደ ሌላ የስኳር ዓይነት ይከፋፍሉታል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከማር ይልቅ ለአበባ የሚቀርበው የኪሎው ስኳር ነው። ቡናማውን ስኳር ግን ይተዉት፤ በውስጡ ያለው ብረት ለወፎቹ ይበዛባቸዋል። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሸጠውን ማጣፈጫ ደግሞ በፍጹም አይስጧቸው፤ ጉልበት ስለሌለው ጠጥተው ይራባሉ። ቀዩን ፈሳሽ አለመውደድዎም ልክ ነው። ቀለሙ ለወፏ ምንም አይጨምርላትም፤ የመመገቢያው ክዳን ቀይ ከሆነ ከሩቅ ታየዋለች፣ አንዴ ካወቀችው በኋላም የምታስታውሰው ቦታውን ነው። በሚያዝያ ተመልሳ መጥታ መመገቢያው ገና ሳይሰቀል አምና የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ በአየር ቆማ ስትፈልገው ማየት የተለመደ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ስኒ ነጭ ስኳር በአራት ስኒ ውኃ። ስኳሩ ፈጽሞ እስኪሟሟ በሙቅ ውኃ ያማስሉት፣ ያቀዝቅዙት፣ ይሙሉት። የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ይጠቅማቸዋል ብለው ስኳር አይጨምሩ፤ አንድ ለአራቱ ከአበቦቻቸው ጣፋጭነት ጋር ተቀራራቢ ነው።

እኔ ከስኳሩ መጠን ይልቅ የማጠቡ ጉዳይ ነው የሚያሳስበኝ። ሰዎች ብዙ ጊዜ መመገቢያው ሲጎድል እየጨመሩ ይሄዳሉ እንጂ አያጥቡትም። እባክዎ ዛሬ አውርደው ወፏ ምንቃሯን የምታስገባባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ በኩል በብርሃን ይመልከቷቸው። በዳርቻቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ፈሳሹን ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩትም ጥርት ካላለና ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈበት ይድፉት። በሙቀት ወራት በየሁለት ቀኑ፣ ቢበዛ በሦስተኛው ቀን፤ በሚያዝያና በኦክቶበር ቅዝቃዜ በየአራት አምስት ቀኑ ይቀይሩ። ማጠቢያው ሙቅ ውኃና የጠርሙስ ብሩሽ ነው፤ ቆሻሻው ከጠነከረ አቼቶ በውኃ ቀላቅለው ያቆዩበት፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁ። ሁልጊዜ ሞልተው የሚደፉ ከሆነ ሩቡን ብቻ ይሙሉ። ስኳር ከማባከን ትንሽ ትንሽ አድርጎ ትኩስ ማቅረብ ይሻላል። ይህን ለማድረግ ጊዜ የማያገኝ ሰው መመገቢያውን ባይሰቅል እመርጣለሁ፤ የቆሸሸ መመገቢያ ከባዶ ግድግዳ የከፋ ነው።

መመገቢያዎ መስታወት መሆኑ አንድ መልካም ዕድል ይሰጥዎታል። ወፏ ስትጠጣ ከጎን ሆነው ምላሷን ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን ነጭ ክር ትመስላለች፤ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ትወጣና ትገባለች። ለረጅም ዘመን ምላሷ ቀጭን ቱቦ ስለሆነች ፈሳሹ በራሱ ይሳባል ተብሎ ሲታመን ነበር። በ2011 አሌሃንድሮ ሪኮ ጌቫራና ማርጋሬት ሩቤጋ በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሌላ ነገር አሳዩ፤ ምላሷ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዘርፎች ይዘረጋሉ፣ ሲወጣ ፈሳሹን እንደያዙ ይታጠፋሉ። ጣፋጩን የምትለይበት መንገድም የራሷ ነው። ወፎች በአጠቃላይ የስኳርን ጣዕም የሚለየውን ተቀባይ ገና ከጥንቱ አጥተውታል። የሃሚንግበርድ ዘር ግን የሥጋና የመሳሰለውን ጣዕም የሚለየውን ተቀባይ ለውጦ ለስኳር አዋለው፤ ይህም በ2014 ሞድ ባልድዊንና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ታውቋል። የሥጋ መቅመሻዋን ለአበባ ያዋለች ወፍ ናት ማለት ነው፤ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ስለ አባራሪው። ክፉ ሆኖ አይደለም። በዱር አንድ አበባ ትንሽ ወለላ ሰጥቶ ይደርቃል፤ እስኪሞላም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የአበባ ቁጥቋጦ የያዘ ወፍ ካልጠበቀው ሲመለስ ባዶ ያገኘዋል። የእርስዎ መመገቢያ የማይደርቅ መሆኑን የሚነግረው የለም። ሰውነቱም ያስገድደዋል፤ ክንፉ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል፣ በቀን ክብደቱን የሚያህል ፈሳሽ ሊጠጣ ይችላል። ምክሬ ይህ ነው፤ አንድ ትልቅ መመገቢያ ከመሙላት ሁለት ሦስት ትንንሾችን ገዝተው በቤቱ በተለያየ አቅጣጫ፣ አንዱ ከሌላው በማይታይበት ቦታ ይስቀሉ። የፊቱን ሲጠብቅ የኋላው ይጠጣበታል። ዝም ብሎ የሚቀመጥባትን ቅርንጫፍም ይፈልጓት፤ ሁልጊዜ አንዲት ናት። ካገኟት ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ሲሆን ከዚያ ትይዩ ይቀመጡ። ጉሮሮው ጥቁር ሆኖ ቆይቶ አንገቱን ወደ እርስዎ ሲያዞር በድንገት ፍም ይመስላል። ያ ቀይ ከላባው ማቅለሚያ የመጣ አይደለም፤ ላባው ውስጥ በንብርብር የተደረደሩ ጥቃቅን ነገሮች ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚመልሱት ነው። ቀይ ጉሮሮ ከሌላት ሴት ናት፣ ወይም ገና ያልጎለመሰ ወንድ ነው።

የሚሰቅሉበትን ቦታ በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆንበት ቢሆን ፈሳሹ ቶሎ አይበላሽም። ከመስኮት ወይ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ወይ ከሦስት ሜትር በላይ ያድርጉት፤ ከቅርብ የተነሳች ወፍ መስታወቱን ብትነካውም ኃይል ሳታገኝ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ መስታወት ላይ ተጋጭተው የሚሞቱ ወፎች በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታሉ። ጉንዳን ካስቸገረዎት ከመመገቢያው በላይ የሚንጠለጠል ውኃ የሚይዝ ትንሽ ጽዋ ይሸጣል፤ ዘይት ወይም ቅባት ግን አይቀቡ፣ ላባቸውን ያበላሸዋል። ማንቲስ የሚባለው የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚያደባው አረንጓዴ ነፍሳት መመገቢያው ላይ ከወጣ ወደ ሌላ ቁጥቋጦ ያዛውሩት፤ ሃሚንግበርድ ይዞ ይበላል።

ማለዳ ቀዝቀዝ ሲል ወፏ መመገቢያው ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተንጠልጥላ ቢያገኟት ሞታለች ብለው አያንሷት። ሌሊት ጉልበቷ እንዳያልቅ የሰውነቷን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ዝቅ አድርጋ ታድራለች፤ በፔሩ ተራሮች የምትኖር አንዲት ዝርያ በ2020 በታተመ ጥናት ከ4 ዲግሪ በታች ወርዳ ተለክታለች። ለመንቃት ደቂቃዎች ያስፈልጓታል። ይተዉአት።

የደብረ ብርሃኖቹ ወፎች እነዚህ አይደሉም። ሃሚንግበርድ ዛሬ የሚኖረው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። እርስዎ እሬት ላይ ያዩአቸው ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ፣ ወንዱ ሐምራዊ የሚያብረቀርቅና ጅራቱ መሐል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ያሉት ከነበረ ተከዜ ሰንበርድ መሆኑ ነው። በ1814 በሳይንስ መዝገብ ሲገባ የወንዛችንን ስም ይዞ ገባ። ሁለቱ ወፎች ዝምድና የላቸውም፤ የሃሚንግበርድ የቅርብ ዘመዶች ስዊፍት የተባሉት ፈጣን በራሪዎች ሲሆኑ፣ ሰንበርድ ግን ከድንቢጥ ወገን ነው። ወለላ መቅሰም ሁለቱንም ረጅም ቀጭን ምንቃርና የሚያብረቀርቅ ላባ አለበሳቸው። ልዩነቱን ለማየት እግራቸውን ይመልከቱ። ሰንበርድ አብዛኛውን ጊዜ የእሬቱን ግንድ ጨብጦ ቆሞ ይቀስማል፤ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ ወደ ኋላም ትበራለች፣ ምክንያቱም ክንፏ ወደ ታች ሲመታም ወደ ላይ ሲመለስም ያነሳታል። ለነገሩ የሃሚንግበርድ ወገን ጥንት ከአሜሪካ ውጭም ነበር፤ ጌራልድ ማየር በ2004 ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ ያጠናው ቅሪተ አካል 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ነው።

ወፎቹ ዘመድ ባይሆኑም አበቦቻቸው ግን ዘመድ ናቸው፤ እዚህ ላይ ለእርስዎ የተለየ ምክር አለኝ። ሃሚንግበርዶች ከሚመርጧቸው የቨርጂኒያ አበቦች አንዱ ካርዲናል ፍላወር ነው፤ ደማቅ ቀይ፣ እርጥበት የሚወድ፣ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ የሚያብብ። ይህ ሎቤሊያ ከሚባለው ወገን ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከሰው ቁመት በላይ የሚቆመው የእኛ ጅባራም ሎቤሊያ ነው። ሁለተኛው ጁወልዊድ ነው። በወንዝ ዳር በዱር የሚበቅል፣ ግንዱ ውኃ የሞላው፣ አበባው ነጠብጣብ ያለበት ብርቱካናማ ነው፤ ከእንሶስላ ጋር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። እጅና እግርዎን እንሶስላ ሞቀው ካደጉ ቅጠሉን ሲያዩት ዘመዱን ያውቁታል። የሚያብበውም ልክ መንገደኞቹ በሚያልፉበት በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው። ለበረንዳ አጥር ደግሞ ኮራል ሃኒሳክል የተባለውን የአገሬውን ሐረግ ይትከሉ፤ በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ወፎች ሲደርሱ የሚጠብቃቸው አበባ እርሱ ነው። መመገቢያ ጉልበት ይሰጣል፤ አበባ ግን ከወለላው ጋር ትንንሽ ነፍሳትንም ይጠራል፣ ሃሚንግበርድ ያለ ነፍሳት አትኖርም። ጫጩቶቿን የምታሳድገው በዝንብ፣ በትንኝና በሸረሪት ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ፀረ ነፍሳት መርዝ አይርጩ፣ ከበረንዳው ጥግ ያለውን የሸረሪት ድርም ሁሉንም አይጥረጉት። እናቲቱ ያንን ድር ወስዳ ጎጆዋን ታስርበታለች። ጎጆው ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ውጪው በዛፍ ቅርፊት ላይ በሚበቅለው ግራጫ ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ የቅርንጫፍ እብጠት ይመስላል፤ ድሩ ስለሚለጠጥ ሁለቱ ጫጩቶች ሲያድጉ አብሮ ይሰፋል። ወንዱ በዚህ ሁሉ አያግዛትም። ጎጆ ካገኙ ከሩቅ ይዩት፤ በ1918 የወጣው የተጓዥ ወፎች ጥበቃ ሕግ ጎጆውንም እንቁላሉንም ማንሳትን ይከለክላል።

ደህና ተመልሰው ይመጡ ይሆን ብለው እንደሚያስቡ እገምታለሁ። የተረፉት በአብዛኛው ወደዚያው ሰፈር ይመለሳሉ። ቀለበት ታስሮላት የነበረች አንዲት ሴት ሩቢ ትሮትድ በ2014 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ እንደገና ስትያዝ ዕድሜዋ ቢያንስ 9 ዓመት ከ2 ወር ነበር፤ ከዚያም ተለቃለች።

መመገቢያውን በኦክቶበር አጋማሽ ሲያወርዱት ቢያዝኑ፣ አንዱን ቢተዉትም ጉዳት የለውም። በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር የሚመጣ ሃሚንግበርድ ካለ የዘገየ ላይሆን ይችላል። ሩፈስ የሚባለው፣ እስከ አላስካ ድረስ በምዕራብ የሚራባው ዝርያ በየዓመቱ ጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ይመጣል፤ ከእኛ ወፍ ይልቅ ብርድ ይችላል። እንዲህ ያለች ከመጣች ፈሳሹ እንዳይረጋ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት፣ ጠዋት ሳይነጋ መልሰው ይስቀሉት። ጅራቷን ስትዘረጋና ጀርባዋ ሲታይ ልጅዎ ፎቶ ያንሳልዎት፤ ዝርያው በዚያ ስለሚለይ ፎቶውን ይላኩልኝ፣ ቀለበት የማሰር ፈቃድ ካላቸው የአካባቢዎ አጥኚዎች ጋርም አገናኝዎታለሁ።